የኋሊዮሽ ለቀማ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣ። ጤናህ እንዴት ነው? የሰው አገር ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን የሚያኮርፈው ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው። አባትህ ደህና ነው፤ ጥርሱን ተነቅሎ ሦስት ቀን ስላልተናገረ ቤቱ ሰላም ሰንብቷል።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ስልክ ላይ «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ስንባባል ዋናው ነገር ሳይነሳ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ይሻላል፤ ካልገባህ ተመልሰህ ታነበዋለህ።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የማይክሮስኮፕ አምፖል ነው፤ ስድስት ቮልት፣ ሃያ ዋት፣ ባለ ሁለት እግር። እዚህ ገበያ ላይ የሚገኘው እግሩ ወፍራም ነው፤ በሞረድ ላቀጥነው ስል እየተሰበረ ስንቱን ጣልኩት። አሥር ብታገኝልኝ አንጀቴን ታርሰዋለህ። የባዮሎጂ ተማሪዎች ለስምንት አንድ ማይክሮስኮፕ ነው ያላቸው። ተራው ሰባተኛው ጋ ሲደርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፤ ስምንተኛው ያየውን ከሰባተኛው ሰምቶ ይጽፋል።

ሁለተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን የአሥር ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ እያወጣ ነው። «ጉዞ ወደ አካዳሚክ ልህቀት» ይላል በየግድግዳው የተለጠፈው። ግቢው በሙሉ ልህቀት ልህቀት ይላል። ትናንት የበሩ ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀኝና «ምነው ዛሬ?» ብለው «ለልህቀት ነው እትዬ» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ በር ስገባ ያየኝ ሰው!

ረቂቁ ለክፍል ኃላፊዎች ገና አልተበተነም። ግን ከዕቅድ ክፍል ወሬ ወጥቷል፤ የኛ የመሣሪያ ጥገና ክፍል «ይዋሃዳል» ይላሉ። ከማን ጋር ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። አንተ የዩኒቨርሲቲ ዕቅድ የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ስለምትሠራ ቋንቋቸውን ታውቀዋለህ። «ይዋሃዳል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? እንዳታባብለኝ፣ እውነቱን ንገረኝ። በክፍሉ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ «ዝምታው» የምንለው የመስታወት ሠራተኛና ኤሌክትሪሻኗ። እኔስ ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ዝምታው ግን አራት ልጆች አሉት፤ ከመስታወት መንፋት በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም።

ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። በደንብ ብላ።

አክስትህ

*

ኅዳር 3

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ በጣም ደስ አለኝ። ጉልበትዎን ሐኪም እንዲያየው አደራ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

አምፖሎቹን አግኝቻለሁ። አሥር ብለው ነበር፤ ሃያ ልኬአለሁ። እንዳይሰበሩ እያንዳንዱን በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፤ ካልሲዎቹም አዲስ ናቸው፣ ለአባቴ ይስጡልኝ። ትንሽ የካቻቪቴ ስብስብም ጨምሬበታለሁ።

ስለ ዕቅዱ ለጠየቁኝ፤ «ማዋሃድ» ሲባል እንደየቦታው የተለያየ ትርጉም አለው። አንዳንዴ የአስተዳደር ለውጥ ብቻ ነው፤ ሰዉም ሥራውም ባለበት ይቀጥላል። ረቂቅ ደግሞ ረቂቅ ነው፤ ብዙ ነገር ይቀየራል። ስለዚህ ከወዲሁ ባይጨነቁ ይሻላል። የጥገና መዝገብዎን ግን በሥርዓት ይያዙት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክፍላችሁ በዩኒቨርሲቲው ሰነድ ላይ የሚጻፈው በስሙ ነው ወይስ በቁጥር? ቁጥር ካለው ስንት ነው? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ዝምታውን ሰላም ይበሉልኝ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን «ተው» ያለኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ከሱ የሰማሁት ቃል ያ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

*

ኅዳር 24

ለወንድሜ ልጅ፣

እጅህ ይባረክ! አምፖሎቹ አንድም ሳይሰበሩ ደረሱ። አሥራ አራቱን ገጥመናል፤ አሁን ለሦስት አንድ ማይክሮስኮፕ ሆኗል። አንዲት ተማሪ የሽንኩርት ልጣጭ አይታ «እንዴ፣ እውነት ነው ለካ!» ብላ ጮኸች። እስከ ዛሬ መጽሐፉን ያላመነችው ይመስላል። አባትህ ካልሲዎቹን ባንዴ ሁለቱን ደርቦ አድርጓቸዋል።

ስንገጥም ኤሌክትሪሻኗ ብሎኖቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ስደረድር አይታ ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። የኋሊዮሽ ለቀማ ነው አልኳት። ሳቀች። እሱ ደግሞ ምንድን ነው ስትል «የቤታችን ነገር ነው» ብዬ ዝም አልኩ። አያትህ አባባ ሰዓት ሲፈቱ ያወጡት ቃል እንደሆነ፣ ከኛ ቤት ውጭ ማንም እንደማያውቀው ምኑን አስረዳታለሁ? አንተ እንኳ እኔ ቤት ሆነህ አራት ዓመት ስትማር በስንት ልፋት ነው የገባህ።

ቁጥራችን 4.7 ነው። ለምን እንደፈለግከው አልገባኝም፤ ይኸው ነገርኩህ።

የጠየቅኩህን ግን አልመለስክልኝም። «እንደየቦታው» ምን ማለት ነው? እኔ የጠየቅኩህ ስለ አንድ ቦታ ነው። ልጄ፣ አንተን አውቅሃለሁ። ተማሪ ሳለህ ቴርሞሜትር የሰበርክ ቀን መጀመሪያ ውሃ በብርጭቆ አምጥተህ ሰጠኸኝ፤ ጠጥቼ ስጨርስ ነው የነገርከኝ። አሥር ብጠይቅህ ሃያ ስትልክ ያ ብርጭቆ ትዝ አለኝ። የሆነ ነገር ካለ ንገረኝ፤ ውሃውን ጠጥቻለሁ።

ረቂቁ በሚቀጥለው ወር ይበተናል። ሴኔቱ የሚያጸድቀው የካቲት 19 ነው።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ።

አክስትህ

*

ጥር 2

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሠላሳ ስምንት ቀን ጠበቅኩ፤ መልስ የለም። ታሞ ይሆን ብዬ አባትህን ብጠይቀው ባለፈው እሑድ ደውለህለት ስለ እግር ኳስ ስታወሩ እንደነበር ነገረኝ። እንግዲህ ደህና ነህ ማለት ነው፤ ተመስገን።

ረቂቁ ተበተነ። ትናንት ስብሰባ ነበረን። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው የመራው፤ ባለ ቀስቱ እንለዋለን፣ ሰሌዳ ላይ ቀስት ሳይስል መናገር ስለማይሆንለት። ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ስንደርስ እንዲህ የሚል ተነበበ፤ ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፦

«የደጋፊ የሥራ ክፍሎች ልየታ የተካሄደው በኋሊዮሽ ለቀማ ስልት ነው። ይኸውም ከአሥረኛው ዓመት ግብ በመነሣት ክፍሎች ወደ ኋላ እየተለቀሙ በየቦታቸው የሚቀመጡ ሲሆን፣ ለቀማው ሲያበቃ ቦታ ያላገኘ ክፍል እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ይዋሃዳል ወይም ይታጠፋል።»

ከዚያ ሥር ሰንጠረዥ አለ። «4.7፦ ይታጠፍ።»

ይዋሃዳል እንኳ አይደለም፤ ይታጠፍ ነው የሚለው።

ሬጅስትራሯ እጇን አውጥታ «ኋሊዮሽ ለቀማ ምንድን ነው? እንደ ጥጥ ለቀማ ነው?» አለች። ቤቱ ሳቀ። ባለ ቀስቱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያለው ዘመናዊ ስልት ነው» አለና ሰሌዳው ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀስት ሳለ። አባባ ነፍሳቸውን ይማርና ይህን ቢሰሙ! በቀን ሦስት የግድግዳ ሰዓት ይጠግኑ የነበሩ ሰውዬ ዓለም አቀፍ ሆነው ቀሩ።

እኔ አልሳቅኩም። የዚያን ቃል ትርጉም በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አባትህ፣ እኔና አንተ። አባትህ ዕቅድ አይጽፍም።

ስለዚህ ማን ጻፈው ብዬ አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ሌላ ነው። ከኔ ስትማር ግማሹን ብቻ ነው እንዴ የያዝከው? ስንፈታ ብሎኖቹን በወጡበት ተራ እንደረድራለን፤ ስንገጥም ከመጨረሻው ጀምረን ወደ ኋላ እንለቅማለን። እሺ፣ ይህን ጽፈኸዋል። አንድ ብሎን ከተረፈስ? አባባ ምን ነበር የሚሉት? «ብሎን አይተርፍም፤ አንተ ነህ የሳትከው፤ እንደገና ፍታ» ነበር የሚሉት። የተረፈውን ጣለው ያለህ ማን ነው?

በጣም አዝኛለሁ። የክፍሉ መታጠፍ አንድ ነገር ነው፤ ለሥራ ብለህ ያመጣኸው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ እያወቅክ አምፖል ላክህልኝ፤ ይህን ሆዴ አልቻለውም። ለአባትህ አልነገርኩትም። ለዝምታውም አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ገጹን አንብቦ የመስታወት መንፊያ ቱቦዎቹን መጥረግ ጀምሯል፤ ሊያስረክብ መሆኑ ነው።

ምንም አትላክልኝ።

አክስትህ

*

ጥር 19

እትዬ፣

እንደምን አሉ ብዬ ለመጀመር አፍሬአለሁ። ደህና እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ነኝ።

ገጽ ስልሳ ሦስትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቢሮ ውስጥ የኛን ቋንቋ የሚያውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ምዕራፉ በሙሉ ለኔ ተሰጠኝ። ሥራው የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን አውቅ ነበር። አምና ሲጀመር ልነግርዎ ፈልጌ ምስጢር ነው ስለተባልኩ ተውኩት።

ሰንጠረዡ ሲላክልኝ አርባ አንድ ክፍሎች ነበሩ፤ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ሦስት ዓምድ ነበረው፦ የታተመ ጥናት፣ የሠለጠነ ሰው፣ የተመዘገበ ፈጠራ። 4.7 ላይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነበር፤ ማታ ማስረከብ ነበረብኝ። «ይታጠፍ» ብዬ ጻፍኩና ወደ 4.8 አለፍኩ። የክፍሉን ስም ለማየት አባሪውን መግለጥ ይበቃ ነበር፤ ስድስት ገጽ ብቻ ነው የሚያስኬደው። አልገለጥኩም።

ቃሉን ያስገባሁት ደግሞ ለጉራ ነው፤ እውነቱን ልናገር። የስልቱን ስም ጥራ ሲሉኝ ሌላ ስም አልመጣልኝም፤ የአባባ ቃል መጣልኝ፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል አልኩ። የተረፈውን የሚመለከተውን ግማሽ ግን ረሳሁት። ወይም ለሥራው አልተመቸኝም። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።

የጥቅምቱ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ጠረጠርኩ። ለዚያ ነው ቁጥሩን የጠየቅኩዎት። «4.7» ብለው ሲጽፉልኝ አረጋገጥኩ። ከዚያ በኋላ አምስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ። ብርጭቆው ያሉት ልክ ነው። ስደነግጥ ዛሬም ውሃ ነው የምቀዳው።

ይቅርታዎን እለምናለሁ። ግን በባዶ እጄ አይደለም። ትናንት ለዩኒቨርሲቲው ዕቅድ ክፍል የማረሚያ ደብዳቤ ጽፌ ልኬአለሁ፤ በስሜ ፈርሜበታለሁ። የልየታው ስልት በስህተት መጻፉን፣ ሰንጠረዡ የጥገና ሥራን የሚለካ ዓምድ እንደሌለው፣ የ4.7 ውሳኔ ያለ በቂ ምርመራ የተወሰነ መሆኑን ገልጫለሁ። የዘመድ ነገር እንዳይደበቅ ብዬ የእርስዎ የወንድም ልጅ መሆኔንም ጽፌአለሁ። አለቃዬ አነበበው። ከዚያ «ከዚህ ሥራ ወጥተሃል» አለኝ። ከቢሮው ልውጣ ወይስ ከዚህ ሥራ ብቻ የሚለው በሚቀጥለው ወር ይነገረኛል። ይህን ያልኩት እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

ሴኔቱ ደብዳቤዬን ብቻ አይቶ ላይቀበለው ይችላል። እርስዎ ራስዎ ይግቡ። መዝገቡን ይዘው ይግቡ።

የበደልኩዎት፣ የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 22

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ነህ? ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ተቀመጥኩ። ለጊዜው በዚህ ይለፍ፤ የሴኔቱን ልንገርህ።

አምስት ደቂቃ ነው የሰጡኝ። መዝገቡን፣ ነጭ ጨርቄንና አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ይዤ ገባሁ። ዝምታው ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ፤ ግባ ሲሉት በአንገቱ እምቢ አለ። ባለ ቀስቱ «እትዬ፣ ማይክሮስኮፑ ለምንድን ነው?» አለኝ። «ዓለም አቀፉን ስልት ላሳያችሁ ነው» አልኩት።

ፈታሁት። አሥራ አንድ ብሎን ወጣ። በጨርቁ ላይ ደረደርኩና «ይግጠሙልኝ» አልኩት። አፈረ፤ ግን ሰው ሁሉ እያየው ስለሆነ ኮቱን አውልቆ ጀመረ። ሁለት ፕሮፌሰሮች ሊያግዙት መጡ፤ አንዱ የፊዚክስ ነው። ሲጨርሱ አንድ ብሎን ጨርቁ ላይ ቀረ። «ይሄስ?» አልኩ። ከኋላ አንዱ «ትርፍ ነው!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። «ጥሩ» አልኩና ማስተካከያውን አንድ ጊዜ አዞርኩት። መስታወት የሚቀመጥበት ሰሌዳ ተንሸራትቶ ወርዶ ጠረጴዛውን መታው።

ከዚያ ሁለተኛውን ግማሽ ነገርኳቸው። ብሎን አይተርፍም፤ ከተረፈ ገጣሚው ነው የሳተው፤ እንደገና ይፈታል። መዝገቡን ገልጬ አነበብኩ፤ በአምስት ዓመት አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ መሣሪያ ተጠግኗል። የኬሚስትሪ ሚዛኖች ሁሉ፣ የሕክምናው ሴንትሪፉጅ፣ የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ። «እዚህ የተቀመጣችሁ ጥናት ያሳተማችሁ ሁሉ ሚዛናችሁን ማን አስተካከለው?» አልኩ። የኬሚስትሪዋ ኃላፊ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ ባለፈው ወር እንኳ ሚዛኗን ላስተካክል በሯ ላይ ቆሜ ነበር።

ደብዳቤህም ተነበበ፤ ስምህም፣ ዝምድናውም። አንድ አባል «ታዲያ ይህ የዘመድ ሥራ አይደለም ወይ?» አለ። ተነሥቼ «ያጠፋው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ጥፋቱም የቤታችን ነው፤ ለዚህ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ውሳኔው ይኸውልህ። 4.7 አይታጠፍም። ለሁለት ዓመት ይቀጥልና እንደገና ይታያል። ሰንጠረዡ ላይ «የተጠገነ መሣሪያ» የሚል አራተኛ ዓምድ ይጨመራል። ገጽ ስልሳ ሦስት እንደገና ይጻፋል፤ ቃሉ ግን ይቆይ አሉ፣ ወደውታል። በዝምታው በኩል ሳልፍ «እሺ» አለኝ። ሁለተኛ ቃሉ ነው፣ መዝግበው።

አሁን ስለ እኔ አንድ ነገር ልንገርህ። ከሦስቱ ዜሮ አንዱ እውነት ነበር። የሠለጠነ ሰው፣ ዜሮ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬን ያስተማርኩት አንተን ብቻ ነው፤ አንተም ትተኸው ሄድክ። ኤሌክትሪሻኗ ስትጠይቀኝ «የቤታችን ነገር ነው» ብዬ አፌን ዘጋሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ስወጣ ክፍሉን የሚዘጋው ያንተ ሰንጠረዥ ሳይሆን የኔ አፍ ሊሆን ነበር። አምስት የላቦራቶሪ ሠራተኞች ጥገና ሊማሩ ዛሬ መምጣት ጀምረዋል፤ ማክሰኞና ሐሙስ። ኤሌክትሪሻኗ ከሁሉም ፊት ነው የተቀመጠችው። ጨርቅ የሌለው መቀመጥ አይችልም ብያለሁ።

አለቃህ ምን አለ? ጻፍልኝ። ለአባትህ ነግሬዋለሁ፤ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ «ፈረመበት አይደል?» አለና ካልሲውን አደረገ።

ይቅር ብያለሁ ልል እጄ ገና እምቢ ይለኛል፤ እንዳልዋሽህ። ግን ያን አሮጌ ማይክሮስኮፕ አልገጠምኩትም። አንዱ ቀዳዳው ባዶ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ነው። ማንም እንዳይነካው ብዬአለሁ። የተረፈው ብሎን በዚህ ፖስታ ውስጥ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ አለልህ።

በፖስታ እንዳትመልሰው፤ ይዘኸው ና።

አክስትህ